የድሮ ጌጥ በአዲስ ክር፦ በጅማ፣ ከቤተሰብ ጎን ለጎን የእጅ ሥራ ጌጣጌጥ መሥራትና መሸጥ

የቤት ውስጥ የጌጣጌጥ ሥራን ብዙ ጊዜ የሚገድለው የሰዓት ጉዳይ ነው። ዶቃው ጠረጴዛ ላይ እንደተበተነ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ወጡ ያርራል፣ ደንበኛ ይደውላል። ማታ ደግሞ ዓይን ይደክማል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራው መሃል ላይ ትታችሁት ልትነሡ በምትችሉት መጠን ተቆራርሶ መዘጋጀት አለበት። ከታች ያለው ሁሉ፣ ከግዢው እስከ ዋጋው፣ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ሥራ ነው። የድሮ የብር ጌጥ፣ የድሮ የመስታወት ዶቃ፣ የተበጠሰ ድሪ፣ ጓደኛው የጠፋ ጉትቻ ገዝቶ ወይም ተቀብሎ፣ አጽድቶና እንደገና ሰክቶ ዛሬ የሚለበስ ማድረግ። ይህ ሥራ እሳት አይፈልግም። ማቅለጥና መበየድ ሲያስፈልግ ለአንጥረኛ ይሰጣል። ልጅ ባለበት ቤት ውስጥ እሳትና አሲድ እንዳይገባ አጥብቄ እመክራለሁ።

1. ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ

ዶቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ሦስት ነገር ቁርጥ ይበል፦ የትኛው ቦታ የሥራ ነው፣ የትኛው ሰዓት የሥራ ነው፣ የትኛው ገንዘብ የሥራ ነው።

ቦታው ክፍል መሆን የለበትም። በመስኮት አጠገብ ያለች ትንሽ ጠረጴዛና ክዳን ያለው ሳጥን ይበቃሉ። ሳጥኑ ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ዶቃ ትንሽ ልጅን ያንቃል፤ በተለይ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ብር የምትመዝኑበት የዲጂታል ሚዛን ክብ ባትሪ ደግሞ ከዶቃም የከፋ ነው። ከተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮን ያቃጥላል። የባትሪው ክዳን በደንብ የሚዘጋ ሚዛን ግዙ። ከተዋጠ ደግሞ ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ሰዓቱን በሁለት ክፈሉት። ልጆች ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ለምሳሌ ከ3 እስከ 6 ሰዓት፣ ዓይንና ትኩረት የሚጠይቀውን ሥሩ፦ መለካት፣ መቋጠር፣ ፎቶ ማንሣት። ቤቱ ሲሞላ ደግሞ ቢቋረጥም የማይበላሸውን ሥሩ፦ ዶቃ መለየት፣ ማጠብ፣ ማሸግ፣ ሒሳብ መጻፍ። ለደንበኛ መልስ የምትሰጡበትም ሰዓት ይወሰን፤ ጥያቄው ራት ላይ ቢመጣ እስከ ጠዋት ይቆይ። ይህን በቴሌግራም ገጻችሁ ላይ ብትጽፉት ማንም አይቀየማችሁም።

ባል፣ እናት፣ አማት፣ ታላቅ ልጅ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያግዝ በግልጽ ይነገር። ዶቃ በቀለም መለየት ከፍ ላለ ልጅ ደስ የሚል ሥራ ነው። ለአማት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ቦታ አለ። የድሮ ጌጥ ማን እንዴት ያስር እንደነበር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ቡና ሲፈላ ጌጡን እጃቸው ላይ አስቀምጡና ጠይቋቸው። የሚሉትን ጻፉት።

2. ግዢው፦ ጅማ ውስጥ ምን ይገኛል?

ጅማ ለዚህ ሥራ የታደለች ከተማ ናት። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይሰበስብ ነበር። ቡናውም ሌላውም ሸቀጥ የሚሸጠው በጠገራ ብር ነበር። ያ ብር ተመልሶ ጌጥ ሆነ፤ ቀልጦ አምባርና ቀለበት ወጣው፣ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶለት እንዳለ አንገት ላይ ዋለ። ዛሬም ከአያቶች ሳጥን ይወጣል። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የጅማ ሙዚየምንና ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዩ። የድሮ ሰው እጅ ምን ያህል ጥንቁቅ እንደነበር ዓይናችሁ ይለምዳል።

ግዢ የሚገኘው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ገበያና የወርቅ ቤቶች ናቸው፤ የተሰበረና የተቆረጠ ብር በክብደት ይሸጣሉ። ሁለተኛው ጎረቤት፣ እድርና ዘመድ ነው። ሦስተኛውና እኔ በጣም የምወደው፣ ባለቤቱ ጌጡን ሳይሸጥ አምጥቶ እንድትሠሩለት መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ለዕቃ የምታወጡት ገንዘብ የለም፤ የእጃችሁን ዋጋ ብቻ ትወስዳላችሁ። ካፒታል ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

ስትገዙ የሻጩን ስም፣ ቀኑን፣ ዋጋውንና ስለ ጌጡ የነገራችሁን በደብተር ጻፉ። በችግር ምክንያት የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ የብሩን የዕለቱን ዋጋ ንገሩት። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የእናት ጌጥ በርካሽ የነጠቀ ሰው ስሙ ቶሎ ይወጣል።

የማይነካም ነገር አለ። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ጌጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ንብረት የሚመስል ዕቃ አትግዙ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። ውጭ አገር ያለ ደንበኛ የድሮ ጌጥ ላኩልኝ ካላችሁ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። አዲስ የሠራችሁትን ደረሰኝ ይዛችሁ መላክ ግን ከዚህ ይቀላል። ጨሌ የሚባለው ዶቃ ሲቀርብላችሁም ጠይቁ። በአንዳንድ ቤት ጨሌ የእምነት ዕቃ ነው። ልጆቹ ሊሸጡት ቢፈልጉም የቤቱ ሽማግሌ ሳይስማማ አትውሰዱት። ገዢም ሲያውቅ ሊሸሸው ይችላል።

3. መለየት፦ ብር ነው ወይስ ብር መሳይ?

የዚህ ሥራ ትልቁ ሀብት ደንበኛ በቃላችሁ መተማመኑ ነው። ስለዚህ መፈተን ተማሩ።

ከጠገራ ብር እንጀምር። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ቀሪው መዳብ ነው። አብዛኞቹ ላይ 1780 ተጽፏል። ይህ ቁጥር ግን ዕድሜውን አይነግርም። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ከሞቱ በኋላ ብሩ ይኸው ቀን እንደተጻፈበት በልዩ ልዩ አገር ሲታተም ኖሯል። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮም፣ ከዚያም በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ተመቷል። ስለዚህ «የ1780 ዓ.ም. ጌጥ» ብላችሁ አትሽጡ። «የድሮ ጠገራ ብር» ማለት ይበቃል፤ እውነትም ነው። ብሩን አትብሱት። ዙሪያውን የሚይዝ ቀለበት አንጥረኛ ይሥራለት። ቀድሞ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደለት ካገኛችሁ ያንኑ ተጠቀሙ።

ማግኔት የመጀመሪያ ፈተና ነው። ጌጡ ከተሳበ ብረት አለበት። ካልተሳበ ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ ናስ፣ መዳብና አሉሚኒየምም አይሳቡም። ስለዚህ ወደ ውሃው ፈተና እንሂድ።

እስከ 0.01 ግራም የሚመዝን ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። ጌጡን በደረቁ መዝኑና ጻፉ። ከዚያ ቀለል ያለ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱ። ጌጡን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስገቡት። ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ በእጃችሁ አንጠልጥሉት። የአየር አረፋ ካለ ነቅነቅ አድርጋችሁ አስለቅቁት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉ። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉት።

ውጤቱ ወደ 10.2 ወይም 10.4 ከሆነ ጥሩ ብር ይመስላል። ንጹሕ ብር 10.49 ነው። 8.4 እስከ 8.7 ከሆነ ናስ ወይም ብር መሳይ የኒኬል ቅልቅል ነው። መዳብ 8.96፣ አሉሚኒየም 2.7 ነው። ለምሳሌ አምባሩ በደረቁ 42 ግራም ቢሆንና ውሃው ውስጥ 4.1 ቢያሳይ፣ 42 ለ4.1 ሲካፈል 10.24 ይመጣል፤ ደስ ይበላችሁ። 4.9 ቢያሳይ ግን 8.57 ነው፤ ናስ ነው። ውስጡ ክፍት ለሆነ፣ ሰም ወይም ዶቃ ላለበት ጌጥ ይህ ፈተና አይሠራም። ለእንደዚህ ዓይነቱና ውድ ለሆነ ግዢ ወርቅ ቤት ወስዳችሁ በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ አስፈትኑ።

ቢጫ ዶቃ «አምበር ነው»፣ ማለትም በዘመን ብዛት የደነደነ የዛፍ ሙጫ ነው፣ ሲሏችሁም ቶሎ አትመኑ። ውሃ ውስጥ ጨው ከዚያ በላይ እስከማይሟሟ ድረስ ጨምሩ። እውነተኛ አምበር ይንሳፈፋል፤ ቤክላይት የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ይሰጥማል። ኮፓል የሚባለው ወጣት ሙጫም ይንሳፈፋል፤ እሱን የሚለየው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው አሴቶን ነው። በማይታይ በኩል አንድ ጠብታ ሲነካው ኮፓሉ ይጣበቃል። የቤክላይት ዶቃም ቢሆን ዛሬ ዕድሜ ያለውና የሚወደድ ነው። ስሙን በትክክል ብላችሁ ሽጡት።

4. ማጽዳት

ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ስለሚገናኝ ነው። እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። የጅማ ክረምት ረጅም ስለሆነ ጌጥ ክፍት ላይ አይቀመጥም። እያንዳንዱን በዚፕ ላስቲክ ከትታችሁ አየሩን አስወጡ። ከጫማ ካርቶን የምታገኟትን «አትብሉ» የተጻፈባትን ትንሽ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ።

የድሮ ብር መስታወት እስኪመስል አይፈተግም። በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ጥቁረት ውበቱም ዕድሜውም ነው። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና፣ በለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ እጠቡት፤ ከዚያ በጥጥ ጨርቅ ከላይ ያለውን ብቻ አብሱ። በኢንተርኔት ታዋቂ የሆነው የአሉሚኒየም ወረቀት፣ የፈላ ውሃና የቤኪንግ ሶዳ ዘዴ ጥቁረቱን ሁሉ ያነሣዋል። ለአዲስ ሰንሰለት ጥሩ ነው። ለድሮ ጌጥ፣ ለአምበርና ለዕንቁ ግን አትጠቀሙበት።

5. መስካት

የተበጠሰ ድሪ ሲመጣ ክሩን ከመቁረጣችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። የዶቃው ቅደም ተከተል የአንድ ሰው ምርጫ ነበር። ቢያንስ መሃሉን እንዳለ ጠብቁት።

ጠረጴዛው ላይ ጠርዝ ያለው ትሪ አስቀምጡና ውስጡን በወፍራም ጨርቅ አልብሱት። ዶቃ አይንከባለልም። ልጅ ከጠራችሁ ትሪውን እንዳለ አንሥታችሁ ሳጥን ውስጥ ትዘጉበታላችሁ። አንድ ትሪ ለአንድ ሥራ ይሁን። ሦስት ትሪ ካለ ሦስት ሥራ ሳይደባለቅ ይጠብቃል።

ርዝመቱን ለኩ። አንገት ሥር የሚያርፍ 40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ደረት ላይ የሚወርድ 60 አካባቢ ነው። ለአምባር የእጅ አንጓን ለክታችሁ 1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ደንበኛዋ ሩቅ ከሆነች አንጓዋን በክር ለክታ ክሩን ማስመሪያ ላይ አድርጋ ፎቶ ትላክላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር፦ በዶቃና በዶቃ መሃል ቋጠሮ። የድሮ መስታወት ዶቃ ቀዳዳው ሸካራ ስለሆነ ክር ይበላል፤ ዶቃዎቹም እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ቋጠሮ ካለ ድሪው ቢበጠስ እንኳ የሚወድቀው አንድ ዶቃ ነው። ጠንካራ የናይለን ወይም የሐር ክር ውሰዱ፤ ከሚፈለገው ርዝመት ሦስት እጥፍ ይሁን። ዶቃውን አስገቡ፣ ላላ ያለ ቋጠሮ ሥሩ፣ መርፌ ቋጠሮው ውስጥ አስገቡና በመርፌው እየገፋችሁ እስከ ዶቃው አፍ ድረስ ውሰዱት። ከዚያ መርፌውን አውጥታችሁ ወዲያው አጥብቁ። እጅ እስኪለምድ በርካሽ ዶቃ ተለማመዱ። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ሌላም ነው፤ አንድ ቋጠሮ ከጨረሳችሁ በኋላ በማንኛውም ሰዓት ማቆም ትችላላችሁ። ምንም አይፈታም። ቀዳዳው ለቋጠሮው ከሰፋ በጎንና በጎኑ ደቃቅ ዶቃ አስገቡ።

የሽቦ ቀለበት ስትከፍቱ በሁለት ፒንሳ ይዛችሁ አንዱን ጫፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ጠምዝዙ። ወደ ጎን ከከፈታችሁት ቅርጹ ይበላሻል፣ ተመልሶም አይገጥምም። የጉትቻ መንጠቆ የብር ወይም የስቴንለስ ይሁን። «ጆሮዬ አይቀበልም» የሚሉ ሴቶች አብዛኞቹን የሚያሳክካቸው ርካሽ መንጠቆ ውስጥ ያለው ኒኬል ነው። መንጠቆውን በመቀየር ብቻ ቋሚ ደንበኛ ታገኛላችሁ።

6. ዋጋ

ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ብዙ ሰው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ይቆጥርና ጉልበቱን በነጻ ይሰጣል። ይህ ለቤተሰብም አይጠቅምም። የሰጣችሁት ሰዓት የልጆቻችሁ ሰዓት ነው።

በምሳሌ እናስላ። ቁጥሩ ለማሳያ ብቻ ነው፤ የራሳችሁን ተኩ። የድሮ የብር ዶቃ 1,200 ብር፣ ክርና መቆለፊያ 150፣ የአንጥረኛ 200፣ ማሸጊያ 50፤ ድምሩ 1,600። የሠራችሁበት 4 ሰዓት፣ በሰዓት 120 ቢሆን 480፤ አሁን 2,080 ሆነ። ለኢንተርኔት፣ ለትራንስፖርትና ለሚበላሽ 10 በመቶ ጨምሩ፤ 208 ነው፤ 2,288 ደረሰ። በዚህ ላይ 25 በመቶ ትርፍ 572፤ መሸጫው 2,860 ብር ይሆናል። አራቱ ሰዓት ውስጥ ፎቶ ማንሣቱና ከደንበኛ ጋር መጻጻፉም ይግባ።

የሥራው ገንዘብ ለብቻው በቴሌብር ወይም በባንክ ይቀመጥ። በየወሩ ለራሳችሁ ደመወዝ ክፈሉና የቀረው ለዕቃ መግዣ ይሁን። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ ከደመወዛችሁ ጣሉ፤ ከዕቃ መግዣው አትንኩ። ለትእዛዝ ሥራ ግማሽ ቅድሚያ ተቀበሉ። ዘመድ በዱቤ ሲጠይቅ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። «የቤቱ ደንብ ነው፣ ግማሽ ይቀድማል» ማለት ያቀላል። ደንቡ ለሁሉም አንድ ሲሆን ማንም አይከፋውም።

7. ፎቶና ሽያጭ

ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ አንሡ። የስልኩን ፍላሽ አጥፉ፤ ብር ላይ ነጭ ነጥብ ይጥላል። የጅማ በርጩማ ጥሩ መደብ ነው፤ ጥቁር ቡናማው እንጨት ብሩን ያጎላዋል፣ ከየት እንደመጣም ይናገራል። ለእያንዳንዱ ጌጥ አራት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉው፣ ቅርቡ፣ ጀርባው፣ ሰው ላይ ሲታሰር። ጉድለት ካለ እሱንም ለብቻው አሳዩ።

ከሥሩ የምትጽፉት አጭር ይሁን። የትኛው ክፍል የድሮ ነው፣ የትኛው አዲስ ነው፣ ክብደቱ፣ ርዝመቱ፣ ዋጋው። «ዶቃው የድሮ፣ መቆለፊያውና ክሩ አዲስ» የሚል አንድ መስመር ከብዙ ማሞገሻ ይበልጣል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» አትበሉ። አርባ ሰው እየጠየቀ ሰዓታችሁን ይበላዋል።

ወቅቱን አስቡ። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ የሠርግ ነው። ጅማ ላይ ሁለቱም ዒዶች ትልቅ ገበያ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ደግሞ ወላጆችን ከየአገሩ ያመጣል፤ ቀለል ያለ ጉትቻና የእጅ አምባር ያን ጊዜ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ በዓል የትእዛዝ መዝጊያ ቀን አውጡ፤ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። በበዓል ዋዜማ ቤቱ ራሱ ሥራ አለበት። ማሸጊያውን ከልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ መስፋት ይቻላል፤ ርካሽም ነው፣ ያምራልም።

አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ስትልኩ ጌጡን፣ እሽጉንና የመላኪያ ደረሰኙን ፎቶ አንሥታችሁ ለደንበኛዋ ላኩ። ውድ ዕቃ ግን በማይታወቅ ሰው እጅ አይላክ።

8. ፈቃድና መዝገብ

ሽያጩ ቋሚ ሲሆን ንግድ ፈቃድ አውጡ። ንግድ ቢሮ ስትሄዱ ብር እንደምትገዙና ጌጥ እንደምትሠሩ በግልጽ ተናገሩ፤ የከበሩ ማዕድናት ሥራ ለብቻው የሚታይበት ደንብ አለ። ገቢዎች ጋም በዚያው ሳምንት ሂዱ። ከመጀመሪያው ቀን የጻፋችሁት የግዢና የሽያጭ ደብተር እዚያ ያግዛችኋል። ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ።

9. ጥገና

ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትንሽ ካርድ ስጡ። ሽቶና ቅባት ከተቀቡ በኋላ ጌጡ ይታሰር፣ ሲታጠቡ ይውለቅ፣ ሲቀመጥ በላስቲክ ይከተት። ክር ያልቃል፤ ዘወትር የሚታሰር ድሪ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ እንደገና መሰካት አለበት። የመጀመሪያውን ዓመት ጥገና በነጻ አድርጉና ከዚያ በኋላ የጉልበት ብቻ አስከፍሉ። የጥገና ሥራ ጸጥ ባለው ወር ቤቱን ይደጉማል፤ በክረምት፣ ሠርግ በሌለበት ጊዜ፣ ለነባር ደንበኞች «ክራችሁን አምጡ» ብላችሁ መልእክት ላኩ። ሲመጣ መጀመሪያ ደብተራችሁን ክፈቱና ጌጡ ሲሸጥ ስንት ዶቃ እንደነበረው አመሳክሩ፤ ከዚያ ደንበኛዋ ፊት ቆጥራችሁ ተረከቡ።